የጋሼ ሣህሉ የዐይን ቆብ

አጋሮ፤ ጥቅምት 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፣ ለልጄ ለመንበረ፤

እንደምን ሰንብተሻል? የሰማይና የምድር ጌታ የዚያን አገር ብርድ ከላይሽ ይመልስልሽ። እኔ በቸርነቱ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና፣ ሆዴ ደህና፣ ጥርሴም ከሁለቱ በቀር ደህና። ያስቸገረኝ ዐይኔ ብቻ ነው። እሱም ማየት አላቃተውም፤ ያቃተው መከፈት ነው።

እንዳትደነግጪ። የዐይኔ ቆብ ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ መጥቶ ዘንድሮ ጭራሽ ሽፋሽፍቴ ላይ ተቀመጠ። ቅንድቤም ተከትሎት ወረደ። መጋዘን ውስጥ የቡና ናሙና ፊቴ ሲዘረጋ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ለመለየት በግራ እጄ ቆቤን ሽቅብ ይዤ በቀኜ እለቅማለሁ። ሠላሳ ዓመት በሁለት እጄ የሠራሁትን አሁን በአንድ እጄ ነው የምሠራው። ደሬሳ፣ ሚዛን ላይ የሚሠራውን ታውቂዋለሽ፣ አንድ ቀን አዘነልኝና ግንባሬን በሻሽ ጥብቅ አድርጎ አሰረልኝ። ቅንድቤ ከፍ አለና ዓለም ተገለጠልኝ። ነገር ግን መጋዘኑ የገባ ሁሉ «ምነው፣ ራስዎን ነው?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ሳስረዳ እውነትም ራሴን ያመኝ ጀመር።

ረቡዕ ረቡዕ በመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ አለ። እንደተለመደው ከፊት ተቀምጬ ሳዳምጥ አወያዩ ንግግራቸውን አቋርጠው «ጓድ ሣህሉ ተኝተዋል» አሉ። አልተኛሁም ብዬ የተባለውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ አንድ ሳላስቀር ደገምኩላቸው። በዚህ እድናለሁ ስል «እንግዲያው ዐይንዎን የጨፈኑት አውቀው ነው» ተባልኩ። ለሚቀጥለው ረቡዕ ግለ ሂስ ጽፌ አቀረብኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቆቡን ይዤ መቀመጥ ነበረብኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አንቺ የምትሠሪበት ቤት የሰው ቅንድብና የዐይን ቆብ እየቆረጡ መልክ የሚያሳምሩበት መሆኑን ጽፈሽልኝ ነበር። ያን ጊዜ ሥራ የፈታ ሁሉ ሮማ ተሰብስቧል ብዬ ሳቅሁ። አሁን ሳቄን መልሻለሁ። ምን ምን እንደሚደረግ፣ ለምን ዓይነት ሰው እንደሚደረግ፣ የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው ፊት ይመለስ እንደሆነ ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ጎረቤት ሰምቶ «ጋሼ ሣህሉ ሊያገባ ነው» እያለ ነው። ይበል።

የእናትሽ የአበራሽ አምላክ በወጣሽበት በገባሽበት ይከተልሽ።

አጎትሽ ሣህሉ


ሮማ፤ ኅዳር 29 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ ጋሼ፤

ጤናዎን እንደ ነፍሴ እጠይቃለሁ። በእኔ በኩል ከጤናም ከሥራም የጎደለኝ የለም። የጎደሉኝ እርስዎ ነዎት፤ እሱን ደግሞ ሁልጊዜ ስለምጽፈው ሳይሰለችዎት አይቀርም።

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ላይ ነው ያነበብኩት። የረቡዑ ስብሰባ ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁና አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቦርሳቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ሻሹ ላይ ስደርስ ግን አለቀስኩ። በዚያ ሻሽ እናቴ ስትሞት ራስዎን አስረው ሲያለቅሱ ነው የማውቅዎት።

የቤቱን ሐኪም፣ አለቃዬን ፕሮፌሶሬውን ጠየቅሁልዎ። ጋሼ፣ እዚህ የሚመጡት አብዛኞቹ ሃምሳ ሞልቷቸው ሠላሳ አምስት መምሰል የሚሹ ባለጸጋ ሴቶች ናቸው። እኔ መሣሪያ እቀቅላለሁ፣ አንሶላ እለውጣለሁ፣ ሲፈሩ ደግሞ እጃቸውን እይዛለሁ። ወንዶችም ይመጣሉ፤ ባለፈው ሳምንት አንድ ጠበቃ ዳኛው «የተኛህ ትመስላለህ» ብሎት መጥቶ ነበር። የእርስዎን ታሪክ ብነግረው ኖሮ ይጽናና ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላይኛው ቆብ ብቻ ከሆነ ሰውየውን ቁጭ አድርገው ትርፉን ቆዳ በቀለም ያሰምሩበታል፤ ከዚያ አስተኝተው አደንዝዘው እንደ ጨረቃ ስንጥር አድርገው ይቆርጡና በቀጭን ክር ይሰፉታል። ጠባሳው ዐይን ሲገለጥ በሚታጠፍበት መስመር ውስጥ ስለሚገባ ማንም አያየውም። ቅንድቡ ራሱ ከወደቀ ግን ቆቡን ብቻ መቁረጥ አይበቃም። ለሴቶቹ ፀጉራቸው ውስጥ ቆርጠው ግንባራቸውን ሽቅብ ይስቡታል። ፀጉሩ ከግንባሩ ለሸሸ ወንድ ግን ጠባሳው ስለሚጋለጥ ከቅንድቡ በላይ፣ በቅንድቡ ፀጉር ጠርዝ ላይ ይቆርጣሉ። ከዐይን በታች ያለውን ከረጢትም ያወጣሉ፤ እሱን ግን ፕሮፌሶሬው ሳያስፈልግ አይነካም። ትንሽ ካበዙት ዐይን አልከደንም ይላል፤ አንዲት ሴት እንዲህ ሆነው ዐይናቸውን ገልጠው ሲተኙ አይቻለሁ።

ቆቡ ይሁን ቅንድቡ ለመለየት መስታወት ፊት ይቁሙና ቅንድብዎን በጣትዎ ወደ ጥንት ቦታው ይመልሱት። ቆቡ አብሮ ከተነሣ ጥፋቱ የቅንድቡ ነው። እንደወደቀ ከቀረ የቆቡ ነው። ፎቶግራፍም ይላኩልኝ፤ ሻሽ ሳያስሩ፣ ግንባርዎን ሳያኮማትሩ።

ግን ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ማን ናት? ወ/ሮ እታገኝ ልብስ ሰፊዋ ከሆኑ ደስታዬ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ እንኳ የእርስዎን ቁልፍ ሲተክሉ ክሩን በጣም ያስረዝሙት ነበር።

እዚህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አማርኛ አልናገርም። እሑድ የአገር ሰው ሳገኝ ምላሴ እስኪላቀቅ ጊዜ ይወስድብኛል። ከእርስዎ ጋር ግን ሳልጽፍም አወራለሁ።

ልጅዎ መንበረ


አጋሮ፤ ጥር 10 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለመንበረ፤

ጥምቀትን በሰላም ያድርስሽ፤ እዚያ ባሕረ ጥምቀት ከሌለ በልብሽ ውረጂ። እኔም ደሬሳም ደህና ነን።

ያልሽውን አደረግሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ቅንድቤን ወደ ቦታው መለስኩት፤ ቆቡ ግማሽ ተነሣ፣ ግማሽ ቀረ። ጥፋቱን እኩል ተካፍለውታል። ደሬሳ በሩ ላይ ሆኖ አየኝና «ማል ታቴ?» አለኝ። ምን እንደሆንኩ ማስረዳቱ ስላደከመኝ የእሱንም ቅንድብ ይዤ አነሣሁበት።

ለፎቶግራፉ ጅማ ወርጄ ሄርማታ ሰፈር ፎቶ አንሺው አብዱልፈታሕ ዘንድ ገባሁ። ታውቂዋለሽ፤ ፎቶውን ከማጠቡ በፊት ፊልሙ ላይ በእርሳስ መጨማደዱን ሁሉ ያጠፋል። «ዛሬ ምንም እንዳትነካ፣ እንዳለሁ አውጣኝ» ስለው ተቆጣ። «ወላሂ፣ ሰው ከእኔ ቤት አርጅቶ ወጥቶ አያውቅም!» አለ። በመጀመሪያ የሰጠኝ የአርባ ዓመት ሰው ፎቶ ነበር። በሁለተኛው ቀን ስመለስ በልመና እንዳለሁ ሰጠኝ፤ ግን ከፎቶው ጀርባ የቤቱን ማኅተም አልመታም፣ ስሜን ያጠፋል ብሎ። ቅንድቤ አጠገብ የሚታዩት ሰረዞች በልጅነቴ ዐይኔን ሲያመኝ እናቴ ያስበጣችኝ ናቸው፤ ለሐኪምሽ ንገሪው።

ስለ ሴትዮዋ የጠየቅሽኝን በተመለከተ ሰው ብቻውን አይኑር ይባል የለ? መልኬ ቢታደስ ማን ይጠላል። እንደዚህ ብለሽ ያዢው።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ፕሮፌሶሬሽ ስለ ዐይኔ ማኅተም ያለበት ወረቀት እንዲጽፍልኝ እፈልጋለሁ። የሚላከው ጅማ ሆስፒታል ለሚሠሩት ለዶክተር ዓለምብርሃን ነው፤ አድራሻቸውን ከታች አስፍሬዋለሁ። ወረቀቱ ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ ዝርዝሩን የሚያደርስሽ ሰው አለ። እሱን ጠብቂ።

አምላከ አበራሽ ይጠብቅሽ።

ሣህሉ


አጋሮ፤ የካቲት 6 ቀን 1975 ዓ.ም.
(በሰው እጅ)

መንበርዬ፣ ዐይኔ፤

ይህን የያዙልሽ አባ ወልደሰማያት ይባላሉ። ለትምህርት ሮማ የሚሄዱ የካቶሊክ ካህን ናቸው። ከእጄ ወደ እጅሽ ስለሚገባ እንደ ልቤ ልጻፍ። በፖስታ ቤት የምትልኪልኝ ሁሉ አፉ ሁለት ጊዜ ተለጥፎ ነው የሚደርሰኝ፤ ለዚህ ነው ባለፈው እንደ ሙሽራ ያደረገኝ።

ሚስት የለችም። ወ/ሮ እታገኝ ቁልፌን ከመትከል በቀር ምንም አላደረጉም። ዐይኔ መውደቁ እውነት ነው፤ ግን ለመልኬ ብዬ ቢላ ሥር የምተኛ ሰው እንዳልሆንኩ አንቺም ታውቂያለሽ። በሻሽ አስሬው እስከ ጡረታዬ እዘልቅ ነበር። የፈለግሁት አንቺን ማየት ነው።

አንቺ ሸሽተሽ ስለወጣሽ እዚህ መመለስ አትችይም። እኔ ደግሞ ያለ መውጫ ፈቃድ ንቅንቅ አልልም። ፈቃዱም ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ያለው በአንድ በር ነው፤ እሱም ሕመም ነው። አዲስ አበባ የሐኪሞች ቦርድ ተቀምጦ «ይህ እዚህ አገር አይታከምም፣ ውጭ ይሂድ» ካለ ፓስፖርት ይሰጣል። ታዲያ እኔ ምን ሕመም አለኝ? ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና አንድ ከባድ በሽታ ስመኝ ከርሜ ነበር። አንድ ቀን ስላጭ መስታወት ውስጥ የዐይኔን ቆብ አየሁት። ለካ በሩ ፊቴ ላይ ነበር።

ዶክተር ዓለምብርሃንን አማከርኳቸው። ደግ ሰው ናቸው። «ቀላል ነገር ነው ማለት ይቻላል፣ ከባድ ነው ማለትም ይቻላል። ከውጭ 'ልዩ እጅ ይጠይቃል፣ እኛ እንቀበለዋለን' የሚል ወረቀት ከመጣልኝ ፈርሜ ለቦርዱ አሳልፋለሁ» አሉኝ። ስለዚህ ፕሮፌሶሬሽ እንዲህ ብሎ ይጻፍ፦ ቆቡም ቅንድቡም ወድቋል፤ በላዩ የድሮ ብጣት ጠባሳ አለበት፤ ያን ጠባሳ ሳያበላሹ መቁረጥ ልምድ ይፈልጋል፤ ሮማ ይምጣ። ሐሰት አልጨመርኩም። ጠባሳው ፊቴ ላይ ነው ያለው።

ይህን ሁሉ ለምን እንደምለፋ ልንገርሽ። በሄድሽበት ማለዳ ነቅቼ ነበር። የበሩ መወርወሪያ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ለኪዳን የምትሄጂ መስሎኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩና ተኛሁ። ብነሣ ኖሮ አይሽ ነበር። ምናልባት ሸማሽን አስተካክልልሽ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ያቺን አንዲት መገላበጥ እጸጸትባታለሁ። ከስድስት ዓመትሽ ጀምሮ ያሳደግሁሽን ልጅ ጀርባዬን ሰጥቼ ሸኘሁ።

አንድ ወር ይበቃኛል። አብሬሽ አውቶቡስ እሳፈራለሁ፣ የሥራሽን በር አያለሁ፣ ምሳ ስትበዪ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ዐይኔን ይቁረጡት፣ አይቁረጡት፣ ግድ የለኝም።

እወድሻለሁ። በደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም፤ ዛሬ ጻፍኩት።

ሣህሉ


ሮማ፤ መጋቢት 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለምሳሳልዎ ጋሼ፤

ይህ ጾም በጤና ያግኝዎ። ዛሬ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍልዎ፤ እስቲ እርስዎም ተቀምጠው ያንብቡት።

ዝርዝሩን ያመጣል ያሉኝ ሰው እስካሁን አልመጣም። ሁለት ወር ጠበቅሁት። ፕሮፌሶሬው ግን ለእነሱ ፋሲካ ቤቱን ዘግቶ ሊሄድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ወረፋው እስከ ክረምት አይገኝም። እርስዎ በዚያ ሻሽ ታስረው በአንድ እጅዎ ቡና ሲለቅሙ እየታየኝ ከዚህ በላይ መጠበቅ አልቻልኩም። ስለዚህ ራሴ አስጻፍኩት።

ፎቶግራፉን ሲያይ መጀመሪያ ቅንድብዎ ላይ ያለውን ብጣት አሳይቶ «ከእኔ በፊት ማን ነው ያከመው?» አለኝ። አያቴ ናቸው አልኩት። በጣም ሳቀ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አየና በጣም ቀላል ነው አለ። ቆቡ ላይ ትንሽ፣ ቅንድቡ ላይ ትንሽ፣ አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ ሥራ። የዐይን ማዝ ያገላበጠውን ሽፋሽፍት የሚያቀና ሐኪም ሁሉ ይችለዋል አለ። እኔም እንግዲያው እንደዚሁ ብለህ ጻፍ አልኩት። ወደ ሌላ አገር ቀርቶ ወደ አዲስ አበባ እንኳ መላክ እንደማያስፈልግ አስረግጦ እንዲጽፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አውቶቡስ ሆድዎን እንደሚያገላብጥዎ አውቃለሁና በዕድሜዎ እንዳይንገላቱ ብዬ ነው።

ወረቀቱ ማኅተም ተመትቶበት በአደራ ፖስታ፣ በሪኮማንዴ፣ ለዶክተር ዓለምብርሃን ሄዷል። የት የት እንደሚቆረጥ በፎቶዎ ላይ በቀይ ቀለም አስምሮበታል። ቀጭኑን ክርና መርፌውንም ለምኜ አብሬ ልኬያለሁ።

ጋሼ፣ ከሄድኩ ጀምሮ ለእርስዎ አንድ የረባ ነገር አድርጌ አላውቅም። ያሳደጉኝን ሰው ሳልሰናበት ወጥቼ ከዚያ በኋላ የላክሁልዎ ሰላምታ ብቻ ነው። ዛሬ ከፖስታ ቤት ስወጣ በእግሬ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት፤ ደስታዬ አውቶቡስ ውስጥ አልቀመጥ አለኝ።

ወ/ሮ እታገኝን ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ መንበረ


አጋሮ፤ ግንቦት 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለመንበረ፤

ትንሣኤው ለአንቺም ይብራልሽ። ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ዐይኔ ታስሮ ነበር። ከተፈታም በኋላ ለጽሑፍ እጄ ቶሎ አልታዘዘኝም።

የላክሽው ወረቀት ደርሷል። በሆስፒታሉ መዝገብ ቤት በኩል ስለገባ ከዶክተር ዓለምብርሃን በፊት ኃላፊያቸው አንብበውታል። የውጭ ሐኪም እንዲህ አምኖ ሲጽፍላቸው ደስ ብሏቸው «እዚሁ ይሠራለት፣ አሁኑኑ» ብለው ጠርዙ ላይ ጽፈው ፈረሙበት። ዶክተር ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ደግመው አነበቡት። «የእህትዎ ልጅ ናት ያስጻፈችው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ደህና አድርጋ ነው ያስጻፈችው፤ ልጨምርበትም ልቀንስበትም የምችለው ነገር የለም» አሉ። ከዚያ የቀጠሮውን ቀን ጻፉልኝ።

በሚያዝያ ሃያ ተሠራሁ። በመርፌ አደነዘዙኝና የመቀሱን ድምፅ እየሰማሁ ቆየሁ፤ ሕመም አልነበረውም። ክርሽ ጥሩ ክር ነው። ለፋሲካ ዋዜማ ፋሻው ተፈታ። ሁለት ሳምንት እንደ ተደበደበ ሰው ፊቴ ጠቁሮ ከረመና ጠራ።

አሁን ብታዪኝ አታውቂኝም። ደሬሳ ሲያየኝ «ደርገጌሳ ታቴ!» ብሎ ጮኸ፤ ጎረምሳ ሆንክ ማለቱ ነው። የውይይት ክበቡ አወያይ «ጓድ ሣህሉ ነቅተዋል» ብለው አስጨበጨቡልኝ። አብዱልፈታሕ እርሳሱን ሳይነካ ፎቶ አነሣኝና ትልቅ አድርጎ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። አንዱን ልኬልሻለሁ። ናሙናውን በሁለት እጄ እለቅማለሁ፤ አንድ ጥቁር ፍሬ አያመልጠኝም። ሁሉም ደስ ብሎታል። ዶክተር ብቻ ሲያገኙኝ ዐይን ዐይኔን አያዩም።

ያ ይመጣል ያልኩሽ ሰው ምናልባት ዘግይቶ ይመጣ ይሆናል። አዲስ አበባ ወረቀት ሳይጨርስ እንደቆየ ሰምቻለሁ። የያዘልሽን ነገር ሳትከፍቺ ቀደሽ ጣይው። ጉዳዩ አልፏል። የሽማግሌ ቀልድ ነው፤ ጊዜሽን እንዳያባክን።

ደህና አድርገሻል ልጄ። እግዚአብሔር ይስጥሽ።

ሣህሉ


ሮማ፤ ሐምሌ 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ጋሼ፤

እንደምን አሉ ብዬ ለመጀመር አፍሬያለሁ።

ሰውየው ሰኔ መጨረሻ ላይ መጣ። የእርስዎ ደብዳቤ ከእሱ በፊት ደርሶኝ ነበር፤ ሳትከፍቺ ጣይው የሚለውንም አንብቤያለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትእዛዝዎን ጣስኩ። ከፈትኩት። ሥራ ቦታ፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፤ ስጨርስም የታጠፈው አንሶላ ላይ ተቀመጥኩ።

ስለ ውስጡ እዚህ አልጽፍም። አንድ ነገር ብቻ ልጽፍ። ፕሮፌሶሬው መጀመሪያ ሲጽፍ ያቺን ዐረፍተ ነገር አላስገባትም ነበር። «ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልገውም» የምትለዋን እኔ ነኝ በአፌ ነግሬ ያስጨመርኳት። ሁለት ጊዜ ደግሜ ነገርኩት፤ እንዳይረሳት ፈርቼ።

ለማን ልናገር? በነጋታው እንደገና ሌላ ወረቀት እንዲጽፍ ለመንኩት። አዲሱን ፎቶዎን ሳሳየው «ታዲያ ምንድን ነው የምጽፈው?» አለኝ። ሥራው በጣም እንዳማረ፣ ማንም ሐኪም እንደዚህ ያለ ዐይን እንደገና እንደማይነካ ነገረኝ። ስንት ዓመት ይቆያል አልኩት። የላላ ቆዳ መልሶ መውረዱ አይቀርም፤ ግን ይህ ዐሥር ዓመት አይወድቅም አለ። እኔን ማስደሰቱ ነበር።

ፎቶዎን አልጋዬ አጠገብ አድርጌዋለሁ። በጣም ቆንጆ ሆነዋል ጋሼ። ዐይንዎ ሙሉ በሙሉ ተገልጦ እኔን ነው የሚያየው፤ እኔ ግን ትክ ብዬ ላየው አልቻልኩም። ያን ማለዳ እኔም በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ዞር ብለው እንዲያዩኝ ፈልጌ፣ እንዳያዩኝም ፈልጌ።

ይማሩኝ።

መንበረ


አጋሮ፤ መስከረም 4 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዐይኔ፣ ለመንበረ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። የጻፍሽውን አነበብኩ፤ ይማሩኝ የሚለውን ቃል ግን አልተቀበልኩትም፤ መልሼልሻለሁ። ለአጎትሽ አዝነሽ ያደረግሽውን ማንም ጥፋት ሊለው አይችልም። እኔ በግልጽ መጻፍ ያልቻልኩትን አንቺ ከየት ታውቂዋለሽ። አንቺ ከዚያ ፖስታ ቤት ደስ ብሎሽ በእግርሽ መሄድሽን ሳስብ እንኳን ተሠራሁ እላለሁ።

ዐሥር ዓመት ግን ብዙ ነው። ስልሳ ስምንት ይሆነኛል። ስፌቱን ሲያወጡልኝ ዶክተር ዓለምብርሃን አንድ ምክር ሰጥተውኝ ነበር፤ «አደራ፣ ዐይንዎን አይሹ። ሲሹት ቆዳው ይላላና ቶሎ ይወድቃል» አሉኝ። ያን ጊዜ እሺ ብዬ ነበር።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ በየማለዳው ፊቴን ታጥቤ ስጨርስ በረንዳ ላይ ቁጭ እልና ሁለቱንም በመዳፌ አሻቸዋለሁ። ቅንድቤንም ቁልቁል እስበዋለሁ። መቶ እስኪሞላ እቆጥራለሁ፤ እሑድ ጊዜ ስላለኝ ሁለት መቶ። ለማንም አልተናገርኩም።

ትናንት ሚዛኑ ጋ ቆመን ደሬሳ ትክ ብሎ አየኝና «የግራው ትንሽ ወረድ አላለም እንዴ?» አለኝ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

አጎትሽ ሣህሉ